ፈረሴን አይሱዙ ላይ ጭኜ ደብረ ብርሃን ሄድኩ፣ አንኮበር የገባሁት ግን በሰው ፈረስ ነው

ፍርዱን አስቀድሜ ልናገርና ታሪኩ ይከተል። ደብረ ብርሃን ላይ ፈረስ አከራይተው እስከ አንኮበር የሚሸኙት አባትና ልጅ ከ5 ኮከብ 5 ይገባቸዋል፣ ፈረሴን ከሰንዳፋ የጫነልኝ አይሱዙ 1፣ እሷንም አንዷን የሰጠሁት ፈረሱ በህይወቱ ስለወረደ ነው። ጓደኞቼ "ፈረስ ይዞ ሌላ ክልል መሄድ ይቻላል እንዴ፣ ስንት ያስወጣል፣ ማን ነው የወሰደሽ" እያሉ ለየብቻ ሲጠይቁኝ መመለስ ስለደከመኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው፣ ረጅም ነው ይቅርታ።

የምኖረው ሰንዳፋ ነው፣ ፈረስ ካለኝ አራት ዓመት ሆነኝ። ስሙ ማክስ ይባላል፣ አትሳቁ፣ እኔ አይደለሁም ያወጣሁለት፣ አዲስ አበባ ይኖር ከነበረ ፈረንጅ ነው የገዛሁት፣ ስሙም አብሮት መጣ። ዳማ ነው፣ ጠባዩ ሸጋ ነው፣ ግን ሜዳ የለመደ የከተማ ልጅ ነው፣ ገደል ምን እንደሆነ አያውቅም፣ እግሩም ላይ የብረት ጫማ ተመቶለታል። ይህቺን የብረት ጫማ ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች። የእናቴ አባት የአንኮበር ሰው ስለነበሩ ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ቀን አንኮበር በፈረስ እገባለሁ እያልኩ ቤተሰቡን ሳሰለች ነው የኖርኩት፣ ጥቅምት ላይ ታናሽ ወንድሜ "ወይ ሂጂ ወይ ዝም በይ" አለኝና ተነሳን። ለመሄድ የምታስቡ ሰዎች መንገዱ ሰላም መሆኑን እዛው ላለ ሰው በዛው ቀን ደውላችሁ ጠይቁ፣ እኛ ራሳችን ሁለቴ ቀጠሮ አራዝመናል።

መጀመሪያ መኪናው። ውጭ አገር ፈረስ የሚጓጓዝበት የራሱ ተጎታች አለው፣ የየራሱ ክፍል፣ ከኋላ የሚወርድ መወጣጫ ምናምን። እኛ ጋ ያለው ያው በሬና በግ የሚጭነው አይሱዙ ነው፣ እሱም ቢሆን ከተዘጋጀ ክፉ አይደለም። ከባለመኪናው ጋር ስንነጋገር ሶስት ነገር ብቻ ነው የለመንኩት፣ ወለሉ ላይ አፈርና ጭድ ይነጠፍ፣ ፈረሱ ወዲያ ወዲህ እንዳይል ግራና ቀኙ አግዳሚ እንጨት ይታሰር፣ መንገድ ላይ ሌላ ነገር አይጫን። "ችግር የለም እህቴ፣ ስራችን እኮ ነው" አለ። ዋጋው ለመሄጃ ብቻ 9,000 ብር፣ ግማሹን ቀብድ ሰጠሁት፣ መቼም ቀብድ ከሰጠህ በኋላ አለቃው እሱ ነው።

ጠዋት 1 ሰዓት ብሎ 3 ሰዓት ተኩል መጣ። ወለሉ ባዶ ላሜራ ነው፣ ያውም ታጥቦ ውሃው ገና ያልደረቀ፣ ጥግ ጥጉ ላይ የትናንት የበግ በጠጥ አለ። አግዳሚ የለም፣ መወጣጫ የለም። "ፈረስ አይደል እንዴ፣ ይዘላል እኮ" ይለኛል! ደግነቱ ሰፈራችን ቤት የሚሰራ ሰው ያስደፋው የአፈር ቁልል ነበር፣ መኪናውን ቂጡን ወደ ቁልሉ አስጠግተን፣ እኔ የቤቴን ድርቆሽ አምጥቼ ነስንሼ፣ ወንድሜ ከፊት በእፍኝ ገብስ እያባበለው፣ ማክስ ሶስቴ ተመልሶ በአራተኛው ገባልን። ረዳቱ ደግሞ በናይለን ገመድ አንገቱን እንደ በሬ ከብረቱ ጋር ጠፍሮ አሰረው። ፈረስ መኪና ላይ ሚዛኑን የሚጠብቀው በአንገቱ ነው፣ ጭንቅላቱን ከፍ ዝቅ ማድረግ ካልቻለ ፍሬን በተያዘ ቁጥር መውደቁ ነው። እግሩ እስኪገባበት የሚረዝም ገመድም አይሆንም፣ ቋጠሮው ደግሞ ክፉ ቀን ሲመጣ አንዴ ስበው የሚፈቱት መሆን አለበት። ፈትቼ በራሴ እጅ አሰርኩት።

ሸኖ ስንደርስ ቅቤ ልግዛ ብዬ ወረድኩ (ሸኖን አልፎ ቅቤ የማይገዛ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም)፣ አስር ደቂቃ ብቆይ ነው፣ ስመለስ ስድስት በጎች ማክስ ሆድ ስር ቆመዋል። በግ ከደብረ ብርሃን ሲመጣ እንጂ ወደ ደብረ ብርሃን ሲጫን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጮህኩ፣ "የዘመድ ናቸው፣ ቅርብ ይወርዳሉ" አለ፣ ገመዱንም ረዳቱ እንደ ድሮው አሳጥሮታል፣ እንደገና ፈትቼ አሰርኩ። ሸኖን አልፈን ወደ ጫጫ ስንል ክልሉ ይቀየራል፣ ኬላ ላይ አስቆሙን። እዚህ ላይ ጎበዝ ነበርኩ፣ ከወረዳችን የእንስሳት ክሊኒክ የጤና ወረቀት፣ ከቀበሌ ደግሞ ፈረሱ የኔ መሆኑን የሚል ማህተም ያለበት ደብዳቤ ከነፎቶው ይዤ ነበር። ፖሊሱ ፎቶውን ከፈረሱ ጋር አስተያየና ሳቀ፣ "ቁርጥ እሱን ነው" ብሎ አሳለፈን። ወረቀት ሳይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ የተሰረቀ ከብት በሚፈለግበት ሰሞን ከደረሳችሁ እዛው ማደራችሁ ነው። የበጎቹ ወረቀት የት እንዳለ ግን የጠየቀ የለም።

ጫጫን እንዳለፍን ባጃጅ ገባበትና ሹፌሩ ፍሬኑን ረገጠው። ጋቢና ውስጥ ሆኜ ከኋላ ድው የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ወርጄ ሳይ ማክስ ተንበርክኳል፣ የቀኝ ጉልበቱ ቆዳ ተልጦ ደሙ በድርቆሹ ላይ ይወርዳል፣ በጎቹ ምንም አልሆኑም። ሹፌሩ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ "ፈረስሽ ቆሞ መሄድ አልለመደም።"

ደብረ ብርሃን የገባነው 8 ሰዓት አካባቢ ነው። ከተማዋ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው የተቀመጠችው፣ የጥቅምት ፀሐይ ወጥቶ እንኳን ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፣ እና ማክስ በፍርሃት ላብ በላብ ሆኖ ነው የወረደው። አባትና ልጁ የቀጠሩን ቦታ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ሽማግሌው ሰላምታ እንኳን ሳይሰጡን ትከሻቸው ላይ የነበረችውን ባና አውልቀው ፈረሱ ጀርባ ላይ ጣሉባት፣ ከዛ ጆሮውን ከስሩ ጨበጡት፣ ቅዝቃዜውን ማየታቸው ነው፣ ቆይተው ወደ እኔ ዞሩና "እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ" አሉ። አምስተኛውን ኮከብ እዛው ላይ ሰጥቻቸዋለሁ በቃ። ከመንዝ ሱፍ የተሰራች ባና የሚያውቅ ያውቃታል፣ እንዲሁ ለፈረስ ላብ የምትጣል ዕቃ አይደለችም።

ጉልበቱን በጨውና ለብ ባለ ውሃ አጠቡት፣ አራት እግሩን አንድ በአንድ አንስተው አዩ። የብረት ጫማውን ሲያዩ ከምላሳቸው የምትወጣ ጭጭጭ የምትል ድምፅ አሰሙ።

"ይሄን ይዘሽ ነው አንኮበር ልትወርጂ የነበረው?"

"ምነው ጋሼ፣ ለሰኮናው ይሻላል ብለውኝ እኮ ነው።"

"ለአስፋልት ይሻል ይሆናል። የኛ ድንጋይ ላይ ግን ብረት እንደ ሳሙና ነው። ጉልበቱ ደህና ቢሆንም እኔ አላስወጣሽም ነበር።"

አኮረፍኩ። እውነቴን ነው፣ ያን ሁሉ ብር አውጥቼ፣ ወረቀት ለማውጣት ሁለት ቀን ተንከራትቼ፣ በመጨረሻ በሰው ፈረስ ሂጂ ልባል? ልጃቸው ሃያ ምናምን ዓመት የሚሆነው ነው፣ ቀስ ብሎ "እህቴ፣ ፈረስሽ እኛ ግቢ ገብስና ድርቆሹን እየበላ ያርፋል፣ አንቺ በኛ ትሄጃለሽ፣ የሱን ቀለብ ብቻ ትከፍያለሽ" አለኝ። ወንድሜ ፊቱን አዞረ፣ እየሳቀ እንደሆነ ከትከሻው ያስታውቃል።

አሁን ስለ ፈረሶቻቸው። ትንንሽ ናቸው፣ ጀርባቸው ደረቴ ጋ ነው የሚደርሰው፣ ፀጉራቸው ጠቅጠቅ ያለ፣ ሆዳቸው ቦርጨጭ ያለ፣ ፎቶ ላይ ማንም አያደንቃቸውም። ግን የአንዳቸውም ጀርባ ላይ ገጣባ የለም። ይሄን ነው ማየት ያለባችሁ፣ የትም ቦታ ፈረስ ስትከራዩ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ኮርቻውን አስወርዳችሁ ጀርባውን በመዳፋችሁ ዳብሱ፣ ቆሞ የሚንዘፈዘፍ ወይ ጆሮውን ወደ ኋላ የሚያጥፍ ከሆነ ከፀጉሩ ስር ቁስል አለ ማለት ነው፣ ተዉት ሂዱ። የራሴን ኮርቻ ይዤ ስለነበር ለኔ በተመደበልኝ ቡላ ፈረስ ላይ ጫኑት፣ ሽማግሌው ሁለት ጣታቸውን በኮርቻውና በጫንቃው መሃል ሊያስገቡ ሞከሩ፣ አልገባም። "ይሄ የወፍራም ፈረስ ኮርቻ ነው፣ እዚህች አጥንት ላይ ይቀመጥና ነገ ማታ ልጦ ታገኚዋለሽ" አሉና ሌላ ባና አራት አጥፈው ከስር አደረጉ፣ ሁለት ጣታቸው ገባ፣ ያኔ ነው እሺ ያሉት። የሆዱን ጠፍር ደግሞ አንዴ አጥብቀው ትንሽ አስኬዱትና እንደገና ሶስት ቀዳዳ አጠበቁ፣ ፈረስ መጀመሪያ ሲታሰር ሆዱን ይነፋል፣ ይሄን የማያውቅ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ከነኮርቻው ዞሮ ከሆዱ ስር ይገኛል (ወንድሜ በዚህ ጉዳይ ምስክር ነው፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሰንዳፋ፣ ሰው እያየ)።

በማግስቱ 12 ሰዓት ጠዋት ወጣን። ሳሩ ላይ ውርጭ ነበር፣ ሰኮናቸው ሲረግጠው ቆሎ እንደሚቆረጥም ሰው ጥርስ ይላል። ከደብረ ብርሃን አንኮበር በመንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መኪና በጠዋት ወስዶ ይመልሳል፣ እኛ ግን ሁለት ቀን ከፈልነው፣ አስፋልቱን ትተን በማሳው ዳር ዳር። የመጀመሪያው ቀን አብዛኛው ሜዳ ነው፣ ግራ ቀኙ ገብስ፣ የድንጋይ ቤቶች፣ በግ የሚጠብቁ ልጆች፣ ባህር ዛፍ። እዚህ ላይ ነው የኔ ቡላ ጉዱን ያሳየኝ። ሶምሶማው መቀመጫ አይጎዳም፣ ሰጋር በቅሎ ላይ የተቀመጥኩ ነው የመሰለኝ፣ ሽምጥ ልጋልብ ብዬ ሳላላለት ደግሞ ያቺ ቦርጫም ነገር እንዲህ ትሮጣለች ብዬ አላሰብኩም፣ ነጠላዬን ነፋስ ወሰደብኝ። ልጁ ከኋላ "በቃ በቃ! ነገ ቁልቁለት አለ፣ ጉልበቱን ቆጥቢለት" እያለ ጮኸ። ልክ ነው፣ የሚያስቡት ለደንበኛው ሳይሆን ለፈረሱ ነው፣ አንዳንድ ሰው ይሄ ላይመቸው ይችላል፣ ለኔ ግን አንደኛ ነው። በየሁለት ሰዓቱ ወርደን ጠፍሩን እናላላለን፣ ውሃ እናጠጣለን፣ እጃቸውን ከግላሱ ስር አስገብተው ላቡን ያያሉ።

ምሳ ላይ ቅሬታ አለኝ። በሶና ቆሎ ብቻ ነው። ማታም ያረፍንበት ገበሬ ቤት የበግ ጥብስ ቀርቦልን ባይሆን ወንድሜ ተመልሶ ነበር፣ በጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለ፣ አጥንቱ መጣ፣ የገብስ ጠላውም ጥሩ ነበር፣ አረቄውን ግን አልነካሁም፣ በነጋታው ገደል አለ እያሉኝ። መኝታው መደብ ላይ ነው፣ የመኝታ ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ፣ ሌሊቱ ይበርዳል ስል ዝም ብዬ ለወግ አይደለም፣ ሁለት ካልሲ አድርጌም እግሬ አልሞቀም።

ሁለተኛው ቀን ሌላ አገር ነው። ሜዳው ሄዶ ሄዶ ድንገት ያልቃል፣ ከፊትህ አየር ብቻ፣ ከታች እስከ አፋር ድረስ ጭጋግ የለበሰ ቆላ። ጭላዳዎቹ ገደሉ አፋፍ ላይ ቁጭ ብለው ሳር ይነጫሉ፣ ደረታቸው ላይ ያለችው ቀይ እስክትታየኝ ድረስ ቀረብናቸው፣ ፈረሶቹ ቀና ብለው እንኳን አላዩዋቸውም። ማክስ ቢሆን ወይ እኔን ጥሎ ሰንዳፋ ይደርስ ነበር ወይ ሁለታችንም እታች። ቁልቁለቱን በእግር ነው የወረድነው፣ ልጓሙን ላላ አድርገን ይዘን፣ እነሱ ከኋላችን። ቡላው አንድ የለሰለሰ አለት ላይ ሲደርስ ቆመ፣ የፊት እግሩን አስቀደመና በሰኮናው ጫፍ ድንጋዩን ሁለቴ ነካ ነካ አደረገው፣ ሰው በጣቱ ምጣድ ግሎ እንደሆነ እንደሚነካው፣ ከዛ በጎን ያለችውን ሸካራ መረጠ። ባዶ ሰኮና ነው፣ ብረት የለው ምን የለው። የሽማግሌው ጭጭጭ ያኔ ገባኝ።

አንኮበር ላይ ቤተ መንግሥቱ የነበረበት ኮረብታ ድረስ ወጣን። እንጦጦ ከመቆርቆሩ በፊት የሸዋ መናገሻ ይሄ ነው፣ ሣህለ ሥላሴም ምኒልክም እዚህ ነው የተቀመጡት፣ አሁን ከድሮው ግንብ የቀረ ቁራሽ አለ፣ ኮረብታው ላይ ሎጅ ተሰርቷል፣ ሻይ ጠጣን። ሽማግሌው እዛ ተቀምጠው ትዝ ያላቸው ነገር ምን ይመስላችኋል?

"ለመሆኑ ያ ፈረስሽ ማን ይባላል?"

"ማክስ።"

"ማ?"

"ማክስ፣ ጋሼ።"

ዝም አሉ። ከዛ ወደ ኮረብታው አናት እያዩ "አባ ዳኘው እዚህ ነበር" አሉ። ምኒልክ በፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው፣ አያታቸው ሣህለ ሥላሴ አባ ዲና፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሰውየው ሁሉንም በቃላቸው ያውቁታል፣ ድሮ ጌታው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፣ ፈረሱ በጌታው አይደለም። "እንግዲህ አንቺ እማ ማክስ መሆንሽ ነው" ሲሉ ወንድሜ ሻዩ በአፍንጫው ወጣ። እስከ ዛሬ ቤት ውስጥ ስሜ እሱ ነው።

ወንድሜ እስከ አልዩ አምባ እንውረድ ብሎ ነበር፣ የድሮ የነጋዴ ገበያ ነው፣ ጨውና ቡና የሚለዋወጡበት። ተጨማሪ እንከፍላለን አልናቸው፣ እምቢ አሉ። "ዝናብ ባለፈ ማግስት ፈረስ ቆላ አይወርድም፣ ከፈለጋችሁ በእግራችሁ ሂዱ" አሉን። ያኔ ሰነፉ መስሎኝ ነበር፣ ኋላ የማክስን ጉልበት የሚያክመውን ሐኪም ስጠይቀው ነው የገባኝ። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚሉት አለ፣ በዓይን በጭንቅ የምትታይ ትንኝ ነች የምታስተላልፈው፣ ክረምት ሲያልቅ እርጥበትና ሙቀት ባለበት ቆላ ትበዛለች፣ ያልተከተበ ፈረስ ከያዘው ከአስር እስከ ዘጠኙ ሊሞት ይችላል፣ በቅሎ እንኳን ግማሽ ያህሉ ነው የሚሞተው፣ አህያ ነው የሚችለው። ስለዚህ ፈረሳችሁን ይዛችሁ ወደ ይፋት ቆላ ለመውረድ የምታስቡ ካላችሁ አስቀድማችሁ ስለ ክትባት ሐኪም አናግሩ፣ ወሩንም ምረጡ። ሽማግሌው ትንኝ አላሉኝም ክትባት አላሉኝም፣ ብቻ ብር እየሰጠናቸው እምቢ አሉ።

ሂሳቡ ይሄው። ለአንድ ፈረስ በቀን 700፣ ለጭነት በቅሎዋ 500፣ ለሸኚ ሰው 600። ሁለት ፈረስ፣ አንድ በቅሎ፣ ሁለት ሸኚ ለሁለት ቀን 6,200 ብር። እኛ ከአንኮበር በመኪና ስለተመለስን እነሱ ፈረሶቹን ለሚመልሱበት ቀን ግማሽ ይከፈላል፣ 1,550። የማክስ ቀለብ ለሶስት ሌሊት 600። በድምሩ 8,350፣ ማለት ያ ላሜራ መኪና ለመሄጃ ብቻ ከወሰደብኝ ያነሰ። ዋጋው አሁን ተቀይሮ ይሆናል፣ ስትደውሉ ጠይቁ። ደረሰኝ የለም፣ የራስ መከላከያ ቆብ የለም (ይሄ ግን መስተካከል አለበት፣ ለልጁ ነግሬዋለሁ፣ የራሳችሁን ያዙ)፣ እርካባቸው ጠባብ ስለሆነ ወፍራም ቡትስ አይገባም፣ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ስልካቸው የሚነሳው ማታ ማታ ነው። ቅዳሜ ገበያ ላይም ይገኛሉ፣ ፈረስ ተራ ገብታችሁ ጀርባው ገጣባ የሌለበት ፈረስ የማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ይጠቁሟችኋል።

መመለሻውን ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው መኪና ያገኙልኝ፣ ያውም ያው አይሱዙ፣ ግን ወለሉ ላይ አፈር ተደልድሎ፣ አግዳሚው ታስሮ፣ ሹፌሩ ደግሞ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ቀድሞ ፍጥነት የሚቀንስ። 8,000 ብር። ማክስ ያን ባና ለብሶ ነው የተጫነው፣ ልመልስ ስል "ይሞቀው፣ ስትመጪ ታመጪዋለሽ" አሉ፣ እስካሁን ጋጣው ውስጥ ተሰቅላ አለች። የብረት ጫማውን አስወልቄለታለሁ። ጉልበቱ ድኗል፣ ቁስሉ በነበረበት ቦታ ላይ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ በቀለ፣ ሳንቲም ታክላለች፣ ለልጁ በቴሌግራም ፎቶዋን ልኬለት ለአባቱ አሳይቷቸው "አሁን ገና የኛ አገር ማህተም ተመታበት" ብለዋል አለኝ።